በልክ

ፒተንዊም ወደብ ላይ፣ ዓሣ በጭስ ከሚያደርቁበት ቤት ጀርባ፣
ጣሪያዋን ጨው የበላት አንዲት ክፍል አለችን፤ ስትገባ
ቀድሞ የሚቀበልህ የብረት ብናኝ፣ የዘይት ሽታ፤
ከዚያ የዱጋልድ ሳል፤ ከዚያ የማሽኑ ስሞታ።

የጎልፍ ዱላ ነው ሥራችን፤ ኳስ ሰማይ የሚያደርሰው አይደለም፣
መጨረሻ ላይ፣ ሣሩን ላስ አድርጎ ጉድጓድ የሚያስገባው እንጂ፤ ሌላውን አንነካም።
እሱ ይቆርጣል፣ እኔ ወልውዬ አለሰልሳለሁ፤
ሁለት ዓመት ሙሉ ከጥፍሬ ሥር ነሐስ ይዤ አድራለሁ።

አንድ ማክሰኞ ሞይራ መጣች፣ ጡረታ የወጣች ፖስተኛ፣
ሠላሳ ዓመት በር ያንኳኳች፣ የዳገቱ መንገደኛ።
በጆንያ ጠቅልላ፣ እንደ ሕፃን አቅፋ፣
የነሐስ ቁራጭ ዘረገፈች፣ አረንጓዴ ዝገት የተፋ።
«የወንድሜ ጀልባ ውልብልቢት ነው። ጀልባዋን አፈረሷት።
ፈርገስ በኪሎ ሊሸጠው ሲል ቀደምኩት።
እጄ ይንቀጠቀጣል» አለች፣ ቀኟን ወደ መብራቱ ዘርግታ፤
«ከበድ አድርጉልኝ፤ ክብደት ነው ለሚርድ እጅ መከታ።
መስመር አትቅረጹበት፤ መስመር ሲበዛ ዓይኔ ይሟገታል።
ስሜንም አትጻፉ፤ ስሜን መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል።
ይቺን ብቻ ተዉልኝ» ጣቷ አንዲት ጠባሳ ላይ ቆመ፣
«ዓለት የነከሳት ናት፤ ፈርገስ ከዚያ ሌሊት ወዲህ ነው ከውስኪ የጾመ።»

ዱጋልድ ለካት። ቁመቷን አይደለም፤ አቋቋሟን፣
ትከሻዋን ጣል ስታደርግ፣ ስትውጥ ትንፋሿን።
ልብስ ሰፊ እንዳይመስልህ፤ ሜትር የለ፣ እርሳስ የለ፣
ሦስት ሻይ እስኪቀዘቅዝ ዝም ብሎ እያያት ዋለ።

እንቆቅልሽ ነው ነገሩ፦ ፊት አለው፣ ዓይን የለውም፤
አንገት አለው፣ አይውጥም፤ ተረከዝ አለው፣ አይረግጥም።
አንጀት የለውም፤ ግን የያዘው ሰው ሲፈራ
ከማንም ቀድሞ እሱ ነው ወሬውን የሚያወራ።

ፊቱን ማሽኑ ፈለፈለው፣ ቅርፊት በቅርፊት፣
እንደ ዓሣ ቆዳ ሆነ፤ ጣትህ ሲያልፍበት
ይይዝሃል፣ ይለቅሃል። ጀርባው ግን ሌላ ነው፣
አሁን ከአፍ የወጣ ከረሜላ ነው፤
አንገቱ ጎበጥ ያለ፣ የጎረቤት ሐሜት እንደሚሰማ ሰው ነው።
ቀለሙን ወርቅ እንዳትለው፤ ወርቅ እዩኝ እዩኝ ይላል፤
ይሄ የጠቆረ ማር ነው፤ ወደ ብርሃን ስታዞረው ብቻ ይስቃል።
ብድግ ስታደርገው ክብደቱ እጅህ ውስጥ ቀስ ብሎ ይቀመጣል፣
ወንበር እንደለመደ ድመት ዞር ዞር ብሎ ይረጋል።

ታዲያ አንድ ዓርብ ማታ፣ ራዲዮው ጨዋታ ሲያስተላልፍ፣
እጄ ሲወለውል ልቤ ከሜዳው ሲከንፍ፣
ቀና ስል፣ ጠባሳዋ የለችም።
ጥርት። ጽድት። የሕፃን ግንባር። ምንም።

ዱጋልድ አልጮኸም። መነጽሩን አወለቀ፣
በሸሚዙ ጠረገ፣ መልሶ አጠለቀ።
«በመዶሻ ልመልሳት?» አልኩት፤ ላብ አጠመቀኝ።
«ጠባሳ በልክ አይሠራም» አለና መዶሻውን ቀማኝ።

ሞይራ ተቀበለች። በአውራ ጣቷ ጀርባውን ዳሰሰች፤
ያቺ ቦታ ላይ ደረሰች። አለፈች። ተመለሰች።
እውነቱን ነገርኳት።
ከፈለች። «ደኅና ዋሉ» አለች። በሩ በቀስታ ተዘጋ፤
ያን ዝምታ ስመዝነው አደርኩ፣ በግራም፣ እስኪነጋ።

በጥቅምት ተመለሰች፣ ጃኬቷ ዝናብ እያንጠባጠበ፤
ዱላውን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገችው፤ ልቤ ተሰበሰበ።
ከተረከዙ በላይ አዲስ ጠባሳ፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል።
«መኪና ማቆሚያው ላይ ወደቀብኝ» አለች፤ ሳቅ ያዛት በመሐል፤
«የመጨረሻውን ጉድጓድ ስቼ... እሺ፣ ወረወርኩት።
ፈርገስ አይቶ ‹ገና አሁን ጀልባዬን መሰለ› ቢለኝ፣ በቦርሳዬ መታሁት!»

ሰጠችኝ። ኳስ አስቀመጥኩ ወለሉ ጣውላ ላይ።
መታሁ፤ ድምፁ ጥብ፣ የበሰለ ፕለም ሣር ላይ ሲወድቅ የሚመስል፣ ከዚያ በላይ
ምንም። መዳፌ ውስጥ ግን ለረጅም ጊዜ ቆየ።
ኳሷ ብናኙን እየሰነጠቀች ሄደች፤ ከሻይ ኩባያው በጎን ስታልፍ አያለሁ፤
«ልክ ነው!» አለች ሞይራ። «እኔም ሁልጊዜ በዚያው በኩል እስታለሁ።»